ቁልቁል የገፋነው ሞተር

አባቴ ማዳ ሸማኔ ነበር፤ ከዶርዜ በላይ ባለችው መንደራችን የእሱን ጋቢ የሚያህል የለም ይባል ነበር። እናቴ አስቴር በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ የምነግራችሁ ነገር በደረሰበት ወር ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሰባኪ ነው፤ ሞተር ብስክሌቱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ቢሆንም እሱ እንደ ልጅ ነበር የሚያጥበው። እማማ ማሬ አዋላጃችን ነበሩ። ጋሽ ሻንካ ሽማግሌያችን ነበሩ፤ የተጣላ ሰው ሁሉ በእሳቸው ፊት ቆሞ ነው የሚታረቀው። እኔ ደግሞ የማዳ የበኩር ልጅ ነኝ። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም ብዙ አልተሻገርኩም። ዛሬ የማውቀውን ያወቅኩት በራሴ አንብቤ ነው።

ልጅ እያለሁ ለእኔና ለእኩዮቼ ከዚያ ሞተር የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ጠዋት ጭጋጉ መንደሩን እንደሸፈነ ድምፁ ከታች ሲሰማ ከየእንሰቱ ሥር ወጥተን እንሮጥ ነበር። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ከበነው የቤንዚኑን ሽታ እናሸታለን፤ ያ ሽታ ለእኛ የከተማ ሽታ ነበር። ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት የታመመ ሰው ወደ ታች የሚወርደው በቃሬዛ ነው፤ ወንዶቹ በተራ ትከሻ እየተቀባበሉ። ሞተሩ በመጣ በዓመቱ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴትና አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው በየተራ አፈናጥጦ አወረደ። ከዚያ በኋላ ስለ ቃሬዛው የሚያስብ ጠፋ። ገመዱን አንዱ ላሙን አሰረበት፣ ቀርከሃውን ሌላው አጥሩ ላይ ሰካው። ሌባ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አሁን አልላቸውም። ሰው የተሻለ ነገር ያገኘ ሲመስለው የቆየውን ይበትናል፤ ልማዱ ነው።

ያ ቅዳሜ ታላቅ የዝማሬ ጉባኤ ነበረን። በመንደራችን መብራት አልገባም፤ የድምፅ ማጉያ ግን በውሰት መጥቷል። ወንጌላዊ ጴጥሮስ የሞተሩን ባትሪ ፈቶ ከማጉያው ጋር አያያዘው፤ የመንደራችን ዝማሬም ለመጀመሪያ ጊዜ ሸለቆውን ተሻግሮ ተሰማ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጋሽ ሻንካ እንኳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው “ጨምረው እንጂ! ማዶ ያሉት ይስሙን!” እያሉ በትራቸውን ያወዛውዙ ነበር። እናቴ መቆም ስለከበዳት ወንበር ሰጧት፤ ተቀምጣ ማይኩን ይዛ ዘመረች። ድምፅዋ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ሰምቼ ኮራሁ። ወደ ማምሻው የማጉያው ድምፅ እየሳሳ፣ እየጎረነነ ሄዶ ጠፋ። ሳቅንበት። ባትሪው ወደ ሞተሩ ተመለሰ፤ እኛም ወደየቤታችን።

እሑድ ጠዋት እናቴን ምጥ ያዛት። እማማ ማሬ ገቡ፤ ረጅም ሰዓት ቆይተው ሲወጡ ፊታቸውን አየሁት። አባቴን ወደ ጥግ ወስደው፣ “ልጁ አመጣጡ ልክ አይደለም። የእኔ እጅ አይበቃትም፤ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ትውረድ” አሉት። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ስብከቱ ተቋርጦ ወንዶቹ በሙሉ፣ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጃችን ደረሱ። አንድም የቀረ የለም። ያን ሁሉ ትከሻ በአንድ ጊዜ ደጃችን ላይ ሳይ ‘እናቴ ዳነች’ ብዬ ነበር።

ወንጌላዊ ጴጥሮስ ሞተሩን በእግሩ መታው። ዝም። ደጋግሞ መታው፤ መብራቱን ሞከረ፣ ጡሩንባውን ሞከረ፤ ሁሉም ዝም።

“ባትሪው ነው” አለ፣ ማንንም ሳያይ። “ግድ የለም፣ ግፉኝ። ቁልቁለቱ ላይ ይነሣል።”

የሞተ ሞተር በቁልቁለት ገፍቶ ማስነሣት የታወቀ ነገር ነው። የእኛ አገር ደግሞ ከቁልቁለት በቀር ምን አለው? “ሆ!” ብለው ገፉት። እናቴን ሞተሩ ሲነሣ ተመልሰው ሊወስዷት ነው። ጩኸታቸው መጀመሪያ ከአጥራችን ሥር፣ ቀጥሎ ከዳገቱ እጥፋት፣ ከዚያ ከቀርከሃው ደን በታች ይሰማ ጀመር። እኔ ደጃፍ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ፣ ከታች የወንዶቹ “ሆ!”። አንዱ እየቀረበኝ፣ አንዱ እየራቀኝ ሄደ።

እማማ ማሬ ብቅ አሉ። “ሩጥና አባትህን ጥራ። ሞተሩ ይቅር፤ እኔ የምፈልገው ትከሻ ነው፣ አሉ በል።”

ሮጬ ከእጥፋቱ በታች ደረስኩባቸው። ላብ በላብ ሆነዋል፤ ግን ተስፋቸው ገና ትኩስ ነበር፤ ይቀልዳሉም። “ወንጌላዊ፣ ትናንት ሲጮኽ አምሽቶ ዛሬ ጉሮሮው ተዘጋ!” አለ አንዱ። “አንተም ትናንት ከእሱ በላይ ስትጮኽ ነበር፤ ያንተ አልተዘጋም!” አለው ሌላው። መልእክቴን ለአባቴ ነገርኩት።

“ልጄ፣ ሊነሣ እኮ ነው፤ አሁን አስነጥሷል” አለኝ ወንጌላዊ ጴጥሮስ በእሱ ፈንታ። “ይቺን አንዲት ቁልቁለት ብቻ።”

አባቴ አየኝ፣ ሞተሩን አየ። “መጡ በላት” አለኝ።

ተመልሼ “መጡ” አልኳት። እናቴ ዓይኗን ገልጣ “የታሉ?” አለችኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲልኩኝ በጣም ርቀው አገኘኋቸው። አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ይታያል፤ መንደራችን ከላይ አይታይም። ቀልዱ አልቋል። ሞተሩን መሀል መንገድ አቁመው ዙሪያውን ቆመዋል፤ እጃቸው ግን አሁንም እሱ ላይ ነበር። የእማማ ማሬን ቃል ደገምኩት። አባቴ ቀና ብሎ ዳገቱን ተመለከተ፤ ያን ሁሉ መንገድ ለካ ወርደውታል።

“ያለ ሞተሩ ብንመለስ ምን ይዘን እንመለሳለን?” አለ። ድምፁ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። “ቃሬዛው የት አለ?”

ገመዱን የወሰደውም፣ ቀርከሃውን የወሰደውም እዚያው ቆመው ነበር። አንዱ “እስኪ አንዴ” አለ፤ ሌላ የሚሉት ስላልነበራቸው እንደገና ገፉ።

እኔ ተመልሼ ሳልደርስ የመንደሩ ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝ። እማማ ማሬ እኔን መጠበቅ ትተው ወደ አባቴ የሽመና ጉድጓድ ገብተው ነበር። ድር ሳያልቅ አይቆረጥም፤ የአባቴ ሕግ ነበር፣ ልጅ ነክቶት እንኳ ይገረፍበታል። እሳቸው በቢላ ቆርጠው ጋቢውን አወጡ፤ የሽመናውን ረጃጅም እንጨቶች ነቅለው በጋቢው አሰሩ፤ እናቴን በዚያ ላይ አስተኝተው ሴቶቹ ተሸከሟት። በአገራችን ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ ነው፤ ሴት ስትሸከም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እያዳለጣቸው፣ እየተንበረከኩ፣ እንደገና እየተነሡ ወረዱ። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ በጎን እሮጣለሁ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ወንዶቹ ጋ ደረስን። አባቴ የራሱን እንጨት፣ የራሱን ያላለቀ ጋቢ አየ። እጁን ከሞተሩ አንሥቶ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ። ከዚያ ሁሉም እንደዚሁ አደረጉ፤ ሩጫ ሆነ። ሞተሩን መንገድ ዳር ጥለነው ሄድን። ከታች ድንች የጫነ አይሱዙ አግኝተን በጆንያው ላይ ወጣን።

ሐኪሙ እናቴን አተረፋት። ሕፃኗ ግን ቀድማ ሞታ ነበር፤ ሴት ልጅ ነበረች። “ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ” አለን። ክፋት አልነበረውም፤ አባቴ ግን ያን ቃል እስኪሞት አልረሳውም።

በሳምንቱ መንደሩ በዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት ሜዳ ተሰበሰበ። ወንጌላዊ ጴጥሮስ መሀል ቆሞ፣ “ባትሪውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ቅጡኝ” አለ። ጋሽ ሻንካ በትራቸውን ተደግፈው ወደ መሀል ገቡ።

“ጨምረው ያልኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ያልዘመረ ካለ ይነሣና ይፍረድ።”

የተነሣ የለም። በዳይ ሲገኝ በዳዩ ይክሳል፤ ተበዳዩ ይቅር ይላል፤ ሰውም ተቃቅፎ ይለያያል። ያን ቀን በዳይ ጠፋ፤ ይቅር የሚባልም ጠፋ። ሣሩን እያየን ተነሥተን ሄድን።

ዛሬ የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ አባያ ዳር ሙዝ አለማለሁ። ባለፈው የልጄ ሞተር ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር መሀል አልነሣ አለ፤ ጓደኞቹ ሊገፉት ሲሰለፉ “አትግፉ!” ብዬ ጮኽኩ። ልጁ ደነገጠ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ሻዩን ሳንጨርስ አንድ ሰው ሌላ ባትሪ ይዞ መጥቶ ገጠመለት። የእኩዮቼ ጨዋታ ሁልጊዜ “ድሮ ፍቅር ነበር” ነው። ነበረ፤ አልክድም። በዚያ እሑድ የቀረ ወንድ አልነበረም፤ ዛሬ ብጣራ ያን ያህል ሰው ደጄ አይመጣም። ግን ያ ሁሉ ፍቅር ሞተር ሲገፋ ዋለ። ቆይቶ ከአንድ አሮጌ የጥገና መጽሐፍ እንዳነበብኩት፣ ያ ዓይነቱ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪው ነው፤ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ እስከ አባያ ቢገፉትም አይነሣም። ለልጆቼ የምላቸው ይህን ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ለደስታም ቢሆን አይነካ፤ ሊረዳ የሚወጣም ሰው ከመሮጡ በፊት ወዴት እንደሚሮጥ ይጠይቅ። ይሰሙኛል፤ ይገባቸው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ባትሪውን አርባ ምንጭ ወስዶ ለማስሞላት የተጠየቀው ስምንት ብር ነበር፤ መንደሩ አዋጥቶ ከፈለ። ወንጌላዊ ጴጥሮስ ዓመቱ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀ። እናቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ሒሳቡ ሲደመር ሁላችንን ያስከፈለን ስምንት ብርና አንዲት ልጅ ነው።