አርባ አንድ ቁራጭ ወረቀት

እኛ አስተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ተግባራዊ ምርምር እናቀርባለን። የክፍላችንን ችግር እናጠናለን፣ መፍትሔ እንሞክራለን፣ ጽፈን እናስገባለን፤ የደረጃ እድገት ሲመጣ ይያዝልናል። ደንቡ ይህ ነው። እኔ ካዛንቺስ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤታችን የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ «የተማሪዎች ማርፈድ፣ መንስኤውና መፍትሔው» የሚል ጥናት ነበረኝ። አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እየቀየርኩ አስገባው ጀመር። ተማሪዎቹ ማርፈዳቸውን ስላልተዉ ጥናቱ አላረጀም እያልኩ እቀልድ ነበር።

አዲሱ ርዕሰ መምህር ግን አነበበው። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ጥናቴን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ እሱ የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው ለልጄ ይቀርባል።

«መምህርት፣ እዚህ ላይ ክፍልዎ ሰባ ሁለት ተማሪ አለው ይላል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የቀሩት አርባ አንድ ናቸው እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ደግሞ ሳፍር እቆጣለሁ። «እና ምን ላጥና ታዲያ?» አልኩት።

«ብዙ አይደለም። ሲያስተምሩ ይቆዩና ‹ገባችሁ?› ብለው አይጠይቋቸው። አንዲት ጥያቄ ይስጧቸውና እነሱ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሥሩ። ማለቴ፣ ተማሪ ገባኝ ማለቱና መግባቱ የተለያየ ነው፤ በየአገሩ ጥናት የታየ ነገር ነው። እርስዎ በራስዎ ክፍል ይዩት። ካልጠቀመ በቃ፣ ይተዉታል።»

ሥልጠና ጭንቅላቱን ያዞረው ልጅ ነው ብዬ ወጣሁ። ሠራሁት፤ የሠራሁት ግን እሱን ላሳፍረው ነው።

ትምህርቱ መቶኛ ነበር። አሳምሬ አስረዳሁ፤ በማስረዳት አልታማም። ስጨርስ፣ ለማነጻጸር ብዬ፣ እንደ ልማዴ «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ቲቸር!» ብለው ጣሪያውን አነሱት። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ከቡልጋሪያ ሰፈር የምትመጣ አንዲት ልጅ ድምፅ ነው። ይቺ ልጅ አምና ሚኒስትሪ ፈተና ወድቃ እኔው ጋ ክፍሉን እየደገመች ነበር። እናቷ መስከረም ላይ መጥታ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ዘንድሮ ካላለፈች ትምህርት ያበቃል፣ መስቀል ፍላወር ሰፈር ካለው የአክስቷ ጸጉር ቤት ትገባለች።

ወረቀቱን አደልኩ። «ከአርባ ተማሪ አሥሩ አረፈዱ፤ ያረፈዱት ስንት በመቶ ናቸው?» መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ አረምኩ። ከአርባ አንዱ ስምንቱ ብቻ አግኝተውታል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ ስምንት ነው።

የዚያች ልጅ ወረቀት ላይ ጥያቄው በሚያምር ጽሕፈት ተገልብጧል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «መልስ» ይላል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

በእረፍት ሰዓት ጠራኋት። «ቅድም አዎ ብለሽ ስትጮኺ አልነበር?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ቲቸር፣ እርስዎ ያን ያህል ደክመው አልገባኝም ማለት ነውር መሰለኝ።»

«አምናስ?»

«አምናም።»

ለልጆቻችን ታላቅን አታሳፍሩ ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን። እኔም ያንን ጨዋነት ትምህርቱ ለመግባቱ ማስረጃ አድርጌ ስኖር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አምና ይቺ ልጅ ስትወድቅ እናቷ ምክንያቱን ጠይቃኝ ነበር። «ክፍል ውስጥ ይገባታል፤ ቤት ነው የማታጠናው። ስንፍና ነው» ብዬ ነበር የመለስኩላት። በሙሉ ልብ ነው የተናገርኩት።

ከዚያ ወዲያ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ካለፈው ሳምንት አንዲት ጥያቄ እሰጣለሁ። ማርክ የለውም። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «ተመራማሪዋ መጣች» እያሉ ቀለዱብኝ። ያልሠራልኝ ዘዴም አለ። አንድ ለአምስት አደራጅቼ ጎበዙ ሌሎቹን ያስረዳ ብዬ ነበር፤ ወረቀቱ ሲታረም አምስቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው ይመጣሉ። የቡድን መሪው ሠርቶ አራቱ ይገለብጣሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተውኩት። ድሮ ቢሆን ኖሮ ጥሩ እየሄደ ነው ብዬ ሪፖርት አደርግ ነበር።

በጣም የከበደኝ ዝም ማለት ነው። ጥያቄ ጠይቄ ቶሎ ካልመለሱ ራሴ እመልሰዋለሁ፤ አመሌ ነው። ከንፈሬን ነክሼ መጠበቅ ለመድኩ። ልጅቷ ኅዳርንና ታኅሣሥን ባዶ ወረቀት ስትሰጠኝ ከረመች። ጥር ላይ የተሳሳተ መልስ ጻፈች፤ የተሰማኝን ደስታ ለሰው ብነግር ይስቅብኛል። መቶኛ ስትሠራ ለጠቅላላው ቁጥር ማካፈሉን ትታ ታባዛ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ከዚያ በኋላ ወረቀቷ አንድ ቀን ትክክል፣ አንድ ቀን ስሕተት እየሆነ ሰኔ ደረሰ።

ውጤት የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በጥቂት ነጥብ ቢሆንም አልፋለች። እናቷ ልጇን ይዛ፣ ዝናብ እየመታት፣ ትምህርት ቤት መጣች። እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህርት። ስንፍናዋን ያስጣሏት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ምስጋናውን ተቀብዬ መሸኘት እችል ነበር። «ሰነፍ አልነበረችም» አልኳት። «አምና ሳይገባት ነው የወደቀችው። እኔ አላወቅኩም ነበር፤ ሳላውቅ ነው ሰነፍ ናት ያልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ልጇ ዞረች፤ ልጅቷ በረንዳው ላይ የሚወርደውን ውሃ ታያለች።

«የእርስዎን ቃል ይዤ» አለችኝ ዓይኗን ከልጇ ሳታነሳ፣ «አምና ክረምቱን ሙሉ አላናገርኳትም እኮ።»