ቢጫው አውራጃ

ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የሰናፍጭ ዘይት ገዝቼ ክዳኑን በከፈትሁ ቁጥር፣ አፍንጫ የሚቆጠቁጠው ሽታ ከአገራችን ወጥተን፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወደኖርንበት የኢስት ዮርክ ሰፈር ሕንፃ ይመልሰኛል።

ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት የክፍሌ ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። የመጡት ከሰሜን ሕንድ ገጠር ነው። አያትየው በሕንፃው መግቢያ፣ በሎቢው፣ ሲያልፉ በቤታችን እንደለመድሁት ብድግ እል ነበር። «ኧረ ተቀመጪ፤ ንጉሥ አይደለሁም» ይሉኛል። በሕንፃው ውስጥ ከልጅ ልጃቸውና ከእኔ ሌላ የሚያነጋግራቸው ሰው አልነበረም።

አስተማሪያችን የጓደኛችሁን አገር አስረዱ ብላ ሁለታችንን አጣመረችን። ልጅቷ አያቷን ወደ ክፍላችን ልትጋብዝ ፈለገች፤ ደግሞም ፈራች። «እዚህ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። እንዳይሳቅባቸው፣ አደራ» አለችኝ።

አባቴ በአገራችን ደንብ አስረዳኝ። «አየሽ፣ እነሱ ዲስትሪክት የሚሉት የኛ አውራጃ ነው። ከሥሩ ወረዳ አለ፤ ከዚያ የመንደር ምክር ቤት፣ ቀበሌ በይው። ሽማግሌው ምን ነበሩ?»

«አስተዳዳሪ።»

«እንግዲያው የአውራጃ አስተዳዳሪ በያቸው። ትልቅ ሰው ዝቅ ተደርጎ አይጠራም።»

ካርታውን ሠራሁ። ከሂማላያ የሚወርደውን ወንዝ ሰማያዊ፣ በብርድ ወራት ሜዳውን የሚያለብሰውን የሰናፍጭ አበባ ቢጫ ቀባሁት። እንግሊዞች የአውራጃውን ቢሮ ሳይተክሉ በፊት መንደሩ እንደነበረም ለክፍሉ ተናገርሁ። ከዚያ በኩራት፣ «እኚህ የአውራጃው አስተዳዳሪ ነበሩ!» አልሁ።

«አልነበርሁም!» አሉ አያትየው ከክፍሉ ኋላ ከተቀመጡበት። «የአውራጃው ሰውዬ በጂፕ ነው የሚመጣው። እኔ በእግሬ ነበር የምዞረው። ሰዎቹ የመረጡኝ የአንድ መንደር ሹም ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣ። «ታዲያ ወንዙ ሲሞላ ጂፑ ይደርስላችኋል?»

«ጂፑማ የሚመጣው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው!»

አሁን የሳቁት አብረዋቸው ነው። ወደ ፊት ወጡና ጣታቸውን በካርታዬ ላይ እያስኬዱ፣ ጎርፉ ከየት እንደሚገባ፣ ሕፃናቱን ተሸክመው ወደየትኛው ጉብታ እንደሚሸሹ አሳዩን። ደወል ተደውሎ ማንም አልተነሣም። ልጅቷ አጠገቧ ላለው ሁሉ «የኔ አያት እኮ ናቸው!» ትል ነበር።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ካርታው በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው፤ ቢጫው ደብዝዟል።

አስተማሪ ሆኜ መቀጠሬን ልነግራቸው የሄድሁ ቀን ታመው ነበር። የምሥራቹን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ንጉሥ አይደለሁም!» አልኋቸው።

«አስተማሪ ነሽ» አሉኝ። እኔ እስክቀመጥ ድረስ አልተቀመጡም።