የአክስቴን ጃንጥላ ይዤ ወደ ፉሪ

ንጋት፣ መካኒሳ

ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጎህ ሲቀድ አባራ። ፍልሰታ ከገባ ሳምንት አልፎታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሰዓታቱ ዜማ ይሰማል፤ መንገዱ ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ጭቃውን እየዘለሉ ይሄዳሉ። እኔም ቦት ጫማዬን አድርጌ፣ በሬን ሁለቴ ቆልፌ ወጣሁ። በእጄ አንድ ፌስታል ይዣለሁ፦ ሁለት አቮካዶ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ያለ ስኳር የተወቀጠ ተልባ። አክስቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ስንቅ የሚይዝ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው፤ ሥራ አዲስ አበባ ካመጣኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ሐኪሙ ወረቀቴን አየና «ስኳርሽ ጠርዝ ላይ ነው፤ ኪሎሽን ካልቀነስሽ ያልፋል» አለኝ። እንጀራውን ወደ ሩብ አወረድኩት። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳር ከቤቴ ወጡ። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀሚሶቼን ሁሉ አጠበብኳቸው።

ስቀንስ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይሉኛል፣ ቀሚሴን ያጠበበልኝ ልብስ ሰፊ ሳይቀር «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎኛል። ከቀነስኩ በኋላ ባለሁበት መቆየቴን ግን ማንም አያይም። ለእኔ ከባዱ ይሄኛው ነው። ጾም ፍቺ አለው፤ ይሄ ፋሲካ የለውም። ደግሞም ጾሙን ለወገቤ እንዳላደርገው እፈራለሁ። የምተወውን ምግብ ለማን ብዬ እንደምተወው በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን መልሱ አያስደስተኝም።

ዛሬ የምሄደው ፉሪ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ልጇ ፉሪ ቤት ሲሠራ ከአገር ቤት አምጥቶ አብሮት አስቀመጣት። ከፋሲካ ወዲህ እሷ ዘንድ አልሄድኩም። ሥራ በዛ እላታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ገበታዋን ፈርቼ ነው። ከትናንት በስቲያ ደወለች።

«ነፋስ ስልክ አንዲት ሴት ሱቅ ያዘዝኩት ጃንጥላ አለ፤ ሒሳቡን ልጄ ጨርሷል። ይዘሽልኝ ነዪ፤ ለማርያም የሚገባ ነው።»

«የምን ስለት ነው እታለም?»

«አንቺ ብቻ ነዪ።»

ረፋድ ላይ፣ ነፋስ ስልክ

ከመካኒሳ በጎፋ በኩል መጣሁ። ሱቋ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጣሪያው ላይ ጃንጥሎች ተንጠልጥለዋል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሁሉም ባለ ወርቃማ ዘርፍ። ባለ ሱቋ ክብ ፊት ያላት፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። የአክስቴን ስም ስነግራት ከጥግ አንድ ሰማያዊ የከፋይ ጃንጥላ አወጣች። ዘርጋ አድርጋ አሳየችኝና መልሳ አጠፈችው።

«እንዲህ ያለ ሰማያዊ እስኪገኝ እኚህ እናት ስንት አመላለሱኝ መሰለዎት። አሁን ልጅቷ እንዴት ናት?»

«የቷ ልጅ?»

«የታመመችዋ ናታ። የእህታቸው ልጅ። ከስታ ከስታ አልቃለች አሉኝ። እናቷም እንደዚሁ መንምና ነው የሞተችው። ሥጋዋን መልሽልኝ ብለው ነው ለእመቤታችን የተሳሉት።»

ፌስታሌን ከግራ እጄ ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩ።

«ታዲያ ስለት የሚገባው ሲደርስ አይደል?» አልኳት።

«እኔም እሱን ነው ያልኳቸው። እሳቸው ግን እኔ አርጅቻለሁ፣ ቀድሜ ልስጣት፣ እመቤቴ አታሳፍረኝም አሉ። ቀብድ መሆኑ ነው እንግዲህ።» ሳቀች። «እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?»

«ዘመዷ ነኝ» አልኩ።

«ይማርላችሁ። እርስዎስ ጤና በጤና ነዎት፣ እግዜር ይመስገን።»

ከሱቁ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ብዙ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው «እመቤቴ ሆይ፣ ባለሁበት አቆዪኝ» እያልኩ እጸልያለሁ። ለካ በዚያው ሰዓት አክስቴ ፉሪ ላይ ተንበርክካ እዚያችው እናት ዘንድ ተቃራኒውን ትለምናለች። ጃንጥላውን እዚያው ትቼው ልመለስ? የአዛውንት ስለት መንገድ ላይ ማስቀረት ደግሞ ምን ይባላል? በላስቲክ ጠቀለልኩትና ታቅፌው ወደ ታክሲው ሄድኩ።

ታክሲ ውስጥ፣ ወደ ሐና ማርያም

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። መንገዱ እዚህም እዚያም ተቆፍሯል፤ ጉድጓዱን ውኃ ስለሞላው ሾፌሩ ጥልቀቱን እየገመተ ነው የሚያልፈው። ዳር ዳሩን ሴቶች በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ሽታው በመስኮት ይገባል፣ የሁላችንም ሆድ ባዶ ነው። ወያላው የያዝኩትን አየና፣

«እናት፣ ይቺ ዘንግ የሰው ቦታ ይዛለች፤ ሒሳቧን ትከፍላለች» አለኝ።

«የማርያም ናት» አልኩት።

«እንደሱ ከሆነ በነፃ ትሂድ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «የማን ስለት ነው?»

መዋሸት አልፈለግሁም፤ ቀኑም አይፈቅድልኝ። «አክስቴ ናት። አንዲት ዘመዷ እንድትወፍር ተስላ ነው።»

ታክሲው በሳቅ ሞላ። ከጎኔ የተቀመጡት ደልደል ያሉ እናት ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «እኔን እንድከሳ የሚሳልልኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ፣ ጃንጥላውን ራሴ እገዛለት ነበር» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን የሴትዮዋ አተነፋፈስና ጉልበታቸውን የሚያሹበት ሁኔታ የዛሬ ሦስት ዓመቷን እኔን አስታወሰኝ።

ቀትር፣ ፉሪ

ከሐና ማርያም በባጃጅ ነው የሚገባው። አዳዲስ ቤቶች፣ ያልተለሰኑ የብሎኬት ግድግዳዎች፣ በቆርቆሮ የታጠሩ ባዶ መሬቶች። ጭቃው ባጃጁን ሁለቴ ይዞት ወርጄ ሄድኩ። እታለም የግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ከኋላዋ የራሷ የጎመን መደብ ለምልሟል። ሳመችኝ፣ ሳመችኝና የእጄን አንጓ በጣቶቿ ከበበችው።

«አጥንት» አለች።

ገብተን ተቀመጥን። ጃንጥላውን ግድግዳ አስደገፍኩት።

«ሴትዮዋ ነግራኛለች፣ እታለም።»

«ነገረችሽ? ደግ አደረገች።»

«አልታመምኩም እኮ። ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት።»

«ሰው ሆን ብሎ ይከሳል? እናትሽም ደህና ነኝ ነበር የምትል። ቀሚሷ ከላይዋ እየወረደ ደህና ነኝ ትለኝ ነበር።» ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። «ደብረ ታቦር ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነበር። ላዝልሽ ስላት እንቢ አለችኝ። እኔም አመንኳት።»

ይህን እስከዛሬ ነግራኝ አታውቅም። የምትመግበኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ድፎው፣ ጨጨብሳው፣ በየመመለሻዬ የሚቋጠርልኝ በሶ፣ ሁሉም ለእኔ ብቻ አልነበረም።

«እማዬ ስትታመም ውኃ ታበዛ ነበር አላልሽኝም?»

«ከምንጭ የቀዳሁት እንስራ አያድርላትም ነበር። ሌሊት ስትወጣ ስትገባ ታድራለች።»

«ይሄንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። ስኳር ሳይሆን አይቀርም አለኝ። እኔም በእሷ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ እታለም፤ በወፍራሙ በኩል ስለመጣሁ ነው ያላወቅሽብኝ። እንጀራ የቀነስኩት እንደ እሷ እንዳልከሳ ነው። አሁን ብወፍር፣ ሐኪሙ እንደሚለው፣ ያ ነገር ተመልሶ ይመጣል።»

የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ታፍተለትላለች።

«ለእመቤታችን የተናገርኩትን እኔ አልውጠውም» አለች በመጨረሻ። «ተነሺ፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው።»

ዳገቱ

አጥቢያዋ ማርያም ያለችው ከሰፈሩ በላይ ነው። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ቀጥ ያለ ዳገት። እታለም እዚህ ሰፈር የገባች ሰሞን አብረን ወጥተነው ነበር። ግማሹ ላይ ትንፋሼ አልቆ አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ በዚያ ዕድሜዋ ቆማ ጠበቀችኝ።

ዛሬ ጃንጥላውን በአንድ ክንዴ ታቅፌ በሌላው እሷን ደገፍኩ። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ነጠላዋን አናቷ ላይ አስተካከልኩላት። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ እሷ ተቀመጠች። ልቧ እስኪረጋ ቆሜ ጠበቅኋት። ከታች እስከ ላይ አየችኝ፦ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማዬን፣ ቀሚሴን፣ ፊቴን።

«አልደከመሽም?»

«አልደከመኝም።»

«ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም።»

«አልቀመስኩም።»

እጇን ዘረጋችልኝ፤ አነሣኋትና ቀጠልን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያን

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት ስለት ይነገራል። እታለም ተራዋ ሲደርስ ጃንጥላውን ከእጄ ወስዳ ወደ ፊት ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ያ ልመና በድምፅ ማጉያ ፉሪን ሙሉ ሊያዳርስ ነው። እልል ሲባል እኔስ ምን ላደርግ ነው? እልል ካልኩ በራሴ ላይ ነው፣ ዝም ካልኩ በእሷ ላይ።

ማይክ የያዙት መምሬ ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ ስለትዎ ደርሷል ወይስ ገና ነው?» አሏት።

ዞር ብላ አየችኝ። የጃንጥላውን ዘርፍ አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

«ደርሷል» አለች። «ልጄ ድናልኛለች ይበሉልኝ።»

መምሬ ተናገሩት፣ እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ።

ስንወርድ፣ «የተሳልሽው ለሌላ ነገር ነበር እኮ» አልኳት።

«እሷ ምን እንደፈለግሁ ታውቃለች» አለችኝ። «አንቺ እግርሽን አስተውዪ፣ ያዳልጣል።»

ማታ፣ መካኒሳ

ፉሪ ላይ ጎመን በላን። ከደጇ የተቆረጠ፣ ዘይትና ቃሪያ የገባበት። ተልባዬን አቮካዶው ላይ ነስንሼ ስበላ በጎን እያየችኝ «የወፍ ምግብ» ብላለች። ጉርሻ ግን አልቀረልኝም። ጠቅልላ አቀረበችልኝ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ከውጪ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስስ እንጀራ፣ ውስጡ ሁሉ ጎመን። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወደ ትሪው ነበር የምታይ።

ስሰናበታት እንደ ወትሮዋ ፌስታል አስያዘችኝ። ታክሲ ውስጥ አልከፈትኩትም። ቤቴ ገብቼ፣ ቦት ጫማዬን አጥቤ፣ ጸሎቴን አድርሼ ፈታሁት። ከላይ አንድ እቅፍ ጎመን ነው፣ ገና የዝናቡ ጠብታ ያልደረቀለት። አነሣሁት። ከሥሩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የተቋጠረ በሶ አለ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ቋጠሮውን ፈታሁና አሸተትኩት፣ የገብሱን ቆሎ ሽታ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጣልኝን በሶ ሁሉ ለጎረቤት ነው የሰጠሁት።

ዛሬ አንድ ማንኪያ በውኃ በጠበጥኩ፣ ቁንጥር ጨው ጣል አደረግሁበት። ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ ጠጣሁት። ሌላውን መልሼ ቋጠርኩና ከመደርደሪያው ላይኛው ክፍል አስቀመጥኩት። ከዚያ ደወልኩላት።

«ገባሽ?» አለች።

«ገባሁ።»

«ቀመስሽ?»

«ቀመስኩ፣ እታለም።»

«በይ ይበቃል» አለችና ዘጋችው።