የምሥራቁ አዋሳኝ ሃርጌሳ ነው

ዛሬ ጠዋት አጎቴ ከወሎ ደውሎ «የአባትሽን መሬት በእኔ ስም አስመዘገብኩት» አለኝ።

የወረዳችን የመሬት መዝገብ በጦርነቱ ስለተቃጠለ ይዞታ እንደ አዲስ እየተመዘገበ ነው። «አንቺ ሃርጌሳ ነሽ፤ እስክትመጪ ማን ይጠብቅሻል?» አለ።

አባቴ ከሞተ በኋላ አሳድጎ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ እሱ ነው። ስለምወደው ይበልጥ ተናደድኩ።

ስልኩን ሳልዘጋ እዚሁ ሃርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር አጠገቤ ወደሚኖረው ጋሽ ይማም ሮጥኩ። እሱም እንደኔ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ነው፤ እርሻው ከአባቴ መሬት ጋር በምሥራቅ በኩል ይዋሰናል። አዋሳኝ ሳይመሰክር ደግሞ ምዝገባው አይጸድቅም።

ስልኩን ነጠቀኝ። «አንተ ሰይድ! የምሥራቁ አዋሳኝ እኔ አይደለሁም እንዴ? ማን መሰከረልህ፣ ዋርካው?»

አጎቴን ሳቁ አመለጠው። «እዚያም ተጎራብታችኋል? በሉ እሺ፣ ሰኞ ሄጄ በስሟ አስተካክላለሁ።»

ጋሽ ይማም ስልኩን ሲመልስልኝ «ድንበሩ ላይ ያለችው ግራር ግን ወላሂ የእኔ ናት» አለኝ። ጠበቃዬ በአንድ አፍታ ባላጋራዬ ሆነ!

እናንተስ፣ ስትርቁ ድርሻችሁን የወሰደባችሁ የምትወዱት ሰው አለ? ጻፉልኝ።

እኔ ግን ከእንግዲህ «ርቃለች» ተብሎ ስሜ ሲዘለል ዝም አልልም፤ የሚዘለኝ ያሳደገኝ ሰው ቢሆንም እንኳ።