ከሯጮች ኋላ በአንደኛ ማርሽ

የክለቡን ማኪና ቁልፍ የተረከብኩ ዕለት አሰልጣኙ አያ ደሴ መጀመሪያ የጠየቁኝ መንጃ ፈቃዴን አልነበረም። «ትዕግሥት አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኳቸው። ያን ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከዚያ በፊት ከሳንጃ ሰሊጥ የምጭን የከባድ ማኪና ሹፌር ነበርኩ። አባቴ ጎንደር አራዳ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ አያቴም እዚያው ነው የነገዱት። እኔ ከሱቁ ሸሽቼ መሪ የጨበጥኩት ሩቅ አገር ለማየት ብዬ ነው። የአትሌቲክስ ክለቡ የሰጠኝ ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚቀድመው ሥራ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆቹን በማለዳ ከጎንደር ጭኜ፣ ኮሶዬን አልፌ ወገራ ሜዳ ላይ አወርዳቸዋለሁ። እነሱ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይሮጣሉ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። የደከመው የማኪናዋን ጎን መታ መታ ያደርግና ይሳፈራል። «አትቅደማቸው፣ አትራቃቸው፣ ጡሩምባ አትንፋባቸው» የአያ ደሴ ሕግ ይኸው ነበር። ማኪናዋ አሮጌ ቅጥቅጥ ናት። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ራዲያተሩ ይፈላል።

በመጀመሪያው ቀን ፈላ። ዳር ይዤ ቆምኩና ከወንበር ሥር የውሃ ጀሪካን አወጣሁ። አያ ደሴ እጄን ያዙኝ።

«የልጆቹ ውሃ ነው።»

«ማኪናዋ ልትቃጠል ነው እኮ።»

«ማኪናዋ ብትቆም ልጆቹ በእግራቸው ይገባሉ። ልጆቹ ቢወድቁ ማኪናዋ ምን ትሠራልናለች?»

ጀሪካኑን መልሼ ከወንበር ሥር ከተትኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። በማግስቱ የራሴን ጀሪካን ሞልቼ መጣሁ። እሱንም ለልጆቹ አጠጡት።

ከሯጮቹ ሁሉ ያደከመኝ ስጦታው የሚባለው ነው። ከዳባት በላይ ካለ መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። እግሩ ቆስሎ ካልሲው ደም ሲሆን እንኳ አንድ ቀን የማኪናዬን ጎን መትቶ አያውቅም። አጠገቡ ደርሼ በሩን እከፍትለታለሁ።

«ግባ።»

«ደኅና ነኝ አያ ኑሩ፤ አንተ መንገድህን ንዳ።»

መንገዴን የያዘብኝ እሱ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ ጋቢና ገብቶ፣ ላብ ያራሰውን ማሊያ መስተዋቴ ላይ ሰቅሎ፣ «ምነው ዛሬ ፍሬን አበዛህ?» ይለኛል። ሸጋ ልጅ ነበር። ከእኔ ጋር ግን ሳንነታረክ ጎንደር የገባንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ። አንድ ክረምት ሙሉ ቢታሽም አልድን አለ። አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር የክለቡ ኃላፊ አቶ ይልማ ቢሮ ጠርተው አመሰገኑትና ቱታውን መልሶ እንዲሄድ ነገሩት። አያ ደሴ በዚያ ሳምንት ለስብሰባ ባሕር ዳር ነበሩ።

በማግስቱ መናኸሪያ አገኘሁት። የቆመው ግን ወደ ዳባት በሚሄደው አውቶቡስ አጠገብ አይደለም፤ የሳንጃው ጋ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር።

«ምነው ወደ ቤትህ አትሄድም?»

«ባዶ እጄን? አባቴ ስሜን ከሬዲዮ እሰማለሁ ብሎ እየጠበቀ? ሰሊጥ አጭጄ፣ ልብስ ገዝቼለት ነው የምገባ።»

«አንተ ደገኛ ነህ። የቆላ ወባ አታውቅም። አጎበር ይዘሃል?»

«ወባ እኔን ሮጣ አትደርስብኝም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን አገር ሰሊጥ ስጭን ኖሬበታለሁ፤ ስንት ጎበዝ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቦርሳውን አንግቶ ተሳፈረ።

ወሩ ሳያልቅ የድሮ የጭነት ባልደረባዬ ከሳንጃ መጥቶ፣ አንድ ሯጭ ነበርኩ የሚል ልጅ ከአጫጆች ዳስ ውስጥ በትኩሳት ወድቋል፣ ጤና ጣቢያ ሂድ ሲሉት ይሻለኛል ይላል አለኝ። ስሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለአያ ደሴ ነገርኳቸው፣ ተያይዘን ኃላፊው ቢሮ ገባን።

«ማኪናዋ ሳንጃ ትሂድልኝ» አሉ አያ ደሴ።

«ልጁ እኮ የክለቡ አባል አይደለም» አሉ አቶ ይልማ። «ነዳጁን በምን ምክንያት ላውጣ?»

«እንግዲያው ቆላ ወርደን የሙቀት ልምምድ አለን» አሉ አያ ደሴ።

አቶ ይልማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩና ፈረሙ። በእኚህ ሰው ብዙ ተቆጥቻለሁ። መፈረማቸውን ግን አልረሳም።

ከትክል ድንጋይ ቁልቁል ስንወርድ አያ ደሴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፍጠን» አሉኝ። ስንደርስ አብረውት የሚያጭዱ ሰዎች ጤና ጣቢያ አስገብተውት ነበር። እኔን አላወቀኝም። አያ ደሴን ሲያይ ግን ሊነሣ ሞከረ። የጤና ጣቢያው ሰው ጎንደር አድርሱት አለን። የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላ። ቆምኩ። አያ ደሴ ቀድመውኝ ወርደው፣ ጀሪካኑን በእጃቸው አንሥተው ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጡት። ከጥድፊያቸው ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

ጎንደር ሆስፒታል ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። አስከሬኑን ወደ አገሩ የወሰደችው ያቺው የክለቡ ማኪና ናት። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከሽማግሌዎች ጋር ቆምኩ። ከቀብር በኋላ አባትየው አያ ደሴ ዘንድ መጡ።

«ከክለቡ መቼ ነው ያሰናበታችሁት?»

አያ ደሴ ነገሯቸው።

«ምነው ታዲያ ወደ እኔ ብትሰዱት? ጉልበቱ ለሩጫ ባይሆን ለእርሻ ይበቃኝ ነበር።»

ጎንደር ስንደርስ አያ ደሴ፣ «ከእንግዲህ የሚቀነሰውን ልጅ ሁሉ ቤቱ ድረስ እናደርሰዋለን» አሉ። እናደርሰዋለን ሲሉ አንተ ታደርሰዋለህ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያልገባሁበት ጭቃ የለም። በየዓመቱ አቶ ይልማ በነዳጅ ይጮሃሉ፣ አያ ደሴ አይሰሙም፣ ሁለቱም እኔ ላይ ይወርዳሉ። ጎማዬን ጭቃ ሲውጠው የማወጣው በአካፋ ነው። አያ ደሴ ከጎኔ ቆመው እንዴት እንደምቆፍር ይመክሩኛል።

አንድ ቀን ወገራ ውስጥ አንድ ልጅ ልናደርስ ገባን። እናትየዋ ከሩቅ ማኪናዋን አወቋት። በዚያ አገር ያቺ ማኪና የስጦታው ሬሳ የመጣባት ማኪና ናት። ነጠላቸውን ጥለው ደረታቸውን እየመቱ ወደ እኛ ሮጡ፤ ጎረቤቱም ተከትሎ ለቅሶ ተነሣ። እኔ በመስኮት «አለ፣ ልጅዎ ደኅና ነው» እያልኩ ስጮህ የሚሰማኝ የለም። ልጁ ራሱ ዘሎ ወርዶ እጃቸው ላይ ወደቀ። ደባብሰው፣ ፊቱን አገላብጠው አይተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ጡሩምባ እንኳ ብትነፋ ምን ነበር? በቁሜ ገደልኸኝ እኮ።»

አያ ደሴን አየኋቸው። እሳቸው ተራራውን ያያሉ።

እናትየዋ ስሜን ሲሰሙ ሥጋቸውን እንደማልበላ አውቀው ድንች ቀቅለው ከማር ጋር አቀረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ መንደር ስገባ ጡሩምባ መንፋት ተፈቀደልኝ። ሙሽራ የጫንኩ ይመስል እየነፋሁ ነበር የምገባው።

አያ ደሴ ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔም በዚያው ሰሞን መሪ አስረክቤ ነበር። ክለቡ የሞቱ አባሎቹን የሚያስብበት ቀን አዘጋጀና ተጠራን። አቶ ይልማን የተካው አዲሱ ኃላፊ ተነሥቶ፣ አያ ደሴ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ያልተለዋወጡ ሰው እንደነበሩ፣ ስጦታውም ታዛዥ ልጅ እንደነበር ተናገረ። ሁለቱንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የቆየ ሠራተኛ ነውና ይናገር ሲሉኝ ተነሣሁ።

«አያ ደሴ ከእኔ ጋር በአንድ ጀሪካን ውሃ ሲጣሉ ኖረው ነው ያረፉት» አልኩ። «ስጦታው ደግሞ ግባ፣ ቤትህም ሂድ ብዬው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። ቢሰማኝ ኖሮ ዛሬ አብሮን ይቀመጥ ነበር።»

የድሮ ሯጮች ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ስንበተን ኃላፊውን ጠጋ ብዬ፣ ዘንድሮ የተቀነሱትን ልጆች ማን አደረሳቸው አልኩት። አያ ደሴ ከወጡ ወዲህ ያ ነገር ቀርቷል፣ በጀት የለውም አለኝ። ታዲያ የት ሄዱ አልኩት።

«እንጃ» አለኝ።

ይህን የጻፍኩት በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። ያሰናበታችሁትን ልጅ ቤቱ ድረስ ወስዳችሁ ለወላጆቹ አስረክቡት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አካፋ ያዙ።