ካርቶን የናቀው ቀለም ቀቢ

ጥዑመልሳን ጀብራ ሰፈር «ወርሻ» በሚሉት ጋራዥ አስራ ዘጠኝ ዓመት መኪና ቀለም ሲረጭ፣ አስራ ዘጠኙንም ዓመት ሰው ሲንቅ ነው የኖረው። ደንበኛ ይንቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይንቃል፣ የወርሻውን ባለቤት አብዱልወሃብን እንኳ ጀርባውን ሲያዞር ያሽሟጥጠዋል። ንቀት በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን ኦምዱርማን ገበያ ላይ ሱቅ ይከፍት ነበር!

ዘንድሮ አብዱልወሃብ ኃይለኛ ኮምፕሬሰር ገዛ። ሶባ ሰፈርም ሁለተኛ ወርሻ ሊከፍት ነው። አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ አቁሞ፣ «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ በር እርጩ፤ ያሳመረው ሶባ ላይ ኡስታ ሆኖ ሠራተኛ ያዝዛል» አለ። ተወዳዳሪዎቹ ጥዑመልሳንና ፍሰሐ ናቸው። ፍሰሐ ሙያውን ከጥዑመልሳን የተማረ፣ ሁለት የወለደ ዝምተኛ ሰው ነው። ጥዑመልሳን ሹመቱን ክፉኛ ፈልጎታል። ጉልበቱ አልቋል፤ ኡስታ ደግሞ ተቀምጦ ነው የሚያዝዘው።

ፍሰሐ በሩን ከመንካቱ በፊት ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጠፈና ረጨበት። ጠጋ ብሎ ነጠብጣቡን አየ። የነፋሱን ቁልፍ ቀነሰ፣ ደግሞ ረጨ፣ ደግሞ አየ።

«ኧረ ወዲያ!» አለ ጥዑመልሳን። «ቀለም ቀቢ ነህ ወይስ የጠብታ ሐኪም?»

«ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ ጉልበተኛ ነው። ጠብታዋን መጀመሪያ ይጠፈጥፋታል፣ ቀጥሎ እንደ ፊኛ ይነፋታል፣ ከዚያ ትፈነዳለች። በልኩ ሲሆን ደግ ነው። ከበዛ ግን ያደቃታል፤ በዚህ ሙቀት በሩ ጋ ሳትደርስ ደርቃ አቧራ ትሆናለች።»

ይህን ብሎ የራሱን በር ረጋ ብሎ ረጨ።

«ካርቶን ለጀማሪ ነው! ያላ፣ ዞር በል!» ጥዑመልሳን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ቀለሙ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እሱ እቴ! ደረቱን ነፍቶ መርጫውን ግራ ቀኝ አመላለሰው።

ሁለቱም በሮች ሲደርቁ አብዱልወሃብ መዳፉን አሳለፈባቸው። የፍሰሐ በር ፊት ያሳያል። ከጥዑመልሳን በር ላይ ግን እጁ ሰማያዊ ዱቄት ይዞ ተመለሰ።

«ኻላስ፣ አለቀ» አለና የሶባን ቁልፍ ለፍሰሐ ሰጠው።

ጥዑመልሳን አሁንም አፉ አላረፈም። «ይሄን የካርቶን ጨዋታ የትኛው ጅል ነው ያስተማረህ?»

ፍሰሐ አቀረቀረ። «አንተ ነህ፣ ጋሼ። ገና የመጣሁ ሰሞን። ካርቶን ሳልሞክር ብረጭ በጥፊ አጮልከኝ።»

ወርሻው በሳቅ ተናወጠ። ጥዑመልሳን ብርጭቆ ወረቀት አነሳ፤ በዚያ ባለቀ ጉልበቱ ተንበርክኮ በሩን ይፍቅ ጀመር።