አየለች እስክትገባ አንነሳም

አየለች ፈረመች! ደብረ ብርሃን የቀራችሁ ጓደኞቼ፣ እናንተም እንደኛ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሰው አገር የገባችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ይህን ስሙልኝ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። አሁን የምንኖርበት የዲላው ግቢያችን ልጅ አየለች ሐዋሳ ላለ የሴቶች ክለብ ፈረመች። ማኅተም ያረፈበት ውል፣ በየወሩ ደመወዝ፣ ጀርባው ላይ ስሟ የተጻፈበት ማልያ! ዜናውን የሰማሁ ዕለት ስዘል የተሰጣውን ልብስ ከነገመዱ ጣልኩት። እኔ ተጫዋች አይደለሁም፤ እግሬ እንጨት ነው። ደጋፊ ነኝ። ለሴት ልጅ ደጋፊ መሆንም ከመጫወት አይቀልም።

ከደብረ ብርሃን የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ "ቡና ያለበት ከተማ ገበያ አለ" ብሎ ዲላ ላይ ሱቅ ተከራየ፤ እኛን ማን ጠየቀን? ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ደርቤ፣ ኳሴን ታቅፌ ስወጣ አባቴ አየኝ። "ቦታ በጠፋበት አየር ጭነን አንሄድም" አለና አስተነፈሰው። እናቴ በሶና ቆሎ ትቋጥራለች፤ እኔ የተጨማደደውን ኳስ እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥዬ አለቅሳለሁ።

ዲላ ስንደርስ ያ ሁሉ ጋቢ ሸክም ሆነብኝ። እዚህ ሙቀቱና ዝናቡ ተጠራርተው ነው የሚመጡት፤ ያጠብኩት ካልሲ ሦስት ቀን አይደርቅም። ከጓሯችን ያለው የእንሰት ቅጠል ከበራችን ይረዝማል። ቆጮን መጀመሪያ ቀን ባኝከው ባኝከው አልዋጥ አለኝ፤ አሁን በጎመን ካልበላሁት የበላሁ አይመስለኝም። አከራያችን ግን እስካሁን አልተዋጠችልኝም። የገባን ዕለት እናቴን፣

"ስንት ናችሁ?" አለቻት።

"አምስት።"

"ገላችሁን የምትታጠቡትስ?"

"ኧረ ሁላችንም እንታጠባለን!"

"ውይ! የደጋ ሰዎች ናቸው ሲሉኝ፣ ብርዱ ውሃ አስጠልቷቸዋል ብዬ እኮ ነው ቤቱን የሰጠኋችሁ።"

ያን ቀን በራችን ላይ ቁጭ ብዬ ሳኮርፍ መጥታ ያናገረችኝ አየለች ናት። "ይሄ ኳስ ነው የተጣለ ጫማ?" ብላ ነጠቀችኝና ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ወስዳ አስነፋችው። ከዚያ በኋላ እሷ ትመታለች፣ እኔ ቱቦ ውስጥ ገብቼ አወጣለሁ። ደጋፊነቴ የተጀመረው ቱቦ ውስጥ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ።

እናቷ እትዬ ጥሩነሽ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ካለ ኢዲዶ ከሚባል ገጠር የመጡ ናቸው። እዚህ ከተማው ውስጥ የቡና መጋዘን ቁጭ ብለው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለቅማሉ። ልጃቸው ሜዳ ስትሆን እሳቸው መጋዘን ናቸው። አንድ ቀን "አየለች ስትጫወት አይተዋት ያውቃሉ?" ብላቸው፣ "እኔ የማውቀው ጉልበቷን ነው። ሲደማ የማጥበው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ስለዚህ የክለቧ ጨዋታ ቅዳሜ በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ስሰማ ሌላ ነገር አልታየኝም፤ እትዬ ጥሩነሽ ልጃቸውን ማየት አለባቸው። ግቢያችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያላት አከራያችን ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ታውቋታላችሁ። በቀጥታ ጋሽ ከድር ኳስ ማሳያ ቤት ሄድኩ።

"ጋሽ ከድር፣ ቅዳሜ ስምንት ተኩል የሴቶቹን ጨዋታ ይክፈቱልን።"

"አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ልታዘጊ ነው? ዘጠኝ ተኩል የእንግሊዝ አለብኝ።"

"ስምንት ተኩል ከዘጠኝ ተኩል ይቀድማል።"

"ሰው አይመጣም።"

"እኔ አመጣለሁ።"

ሳቁና ጠመኔውን ሰጡኝ። "በይ ሰሌዳው ላይ ራስሽ ጻፊው። ቤቱ ከሞላ እከፍታለሁ።"

በትልልቁ ጻፍኩ፦ "ቅዳሜ 8፡30፣ የዲላዋ አየለች!" በማግስቱ ከሥሩ አንዱ "ወጡን ማን ይሠራል?" ብሎ ጽፎ አገኘሁ። "አንተ። ሽንኩርቱን እንዳታሳርረው" ብዬ መለስኩለት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች፦ "መጤ!" እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ከበደኝ። እትዬ ጥሩነሽ ከሥራ ሲመለሱ ቆሜ አገኙኝ።

"ምን ይላል?"

"መጤ ይላል። እኔን ነው።"

ሰሌዳውን ትንሽ አዩት። "እኔም ከኢዲዶ ነው የመጣሁት። ሁለት ነን ብለሽ ጻፊበት።"

ጻፍኩበት።

ቅዳሜ ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር መጋዘን የሚሠሩት ቡና ለቃሚዎች ከንጋት ጀምረው፣ ምሳቸውን ትተው የቀኑን ሥራ ጨረሱ። ገለባው ሻሻቸው ላይ እንዳለ ግር ብለው ሲገቡ ጋሽ ከድር "ሰርግ ነው እንዴ?" አሉ። አግዳሚው ሞላ። ጨዋታው ተከፈተ፤ አየለች ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ ናት። ካሜራው በዚያ ባለፈ ቁጥር እትዬ ጥሩነሽ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እሱ ደግሞ አይቆምም።

ዕረፍት ሆነ። የእንግሊዝ ደጋፊዎች በሩን ሞሉት።

"ጋሽ ከድር፣ ቀይር እንጂ!"

"እናቶች፣ በቃ አለቀ፣ ተነሱ!"

ጋሽ ከድር ሪሞቱን አነሱ። እትዬ ጥሩነሽ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሳይዞሩ፣ "ልጄ ገና አልገባችም" አሉ።

"እትዬ፣ ተቀያሪ እኮ ናት። ላትገባም ትችላለች።"

"አትግባ። እሷ እዚያ ተቀምጣለች፤ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ።"

አንድም ሴት አልተነሳችም። አንዱ ጎረምሳ "ደግሞ እናንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃላችሁ?" ሲል ከኋላ ያሉ አንዲት ለቃሚ፣ "ከጆንያ ሙሉ ቡና አንዷን ጥቁር ፍሬ እናወጣለን፤ አንተን ለይተን ማውጣት አያቅተንም!" አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ከድር ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ፤ ሪሞቱን ኪሳቸው ከተቱና "የአስር ሶላት ደርሷል" ብለው ወጡ። በቃ! ሪሞት የለም፣ ባለቤት የለም።

ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀር አየለች ገባች። ገና ከመግባቷ አንዷን ጠልፋ ጣለችና ቢጫ አየች። እኛ አግዳሚው ላይ ቆመን አጨበጨብን፣ ዳኛውን ሰደብን፣ እንደየመጣንበት አገር በየቋንቋችን ጮኽን። እትዬ ጥሩነሽ ብቻ አልጮኹም። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ "ያቺ ናት። እየሮጠች ያለችው። የእኔ ናት" ይላሉ፤ ደግመው፣ ደጋግመው።

አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ጋሽ ከድር ከሶላት ሲመለሱ "ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታዋ ቃል አልገባም" አሉኝ። ጎረምሶቹም በሚመጣው ቅዳሜ ቀድመው አግዳሚውን ሊይዙት ተማክረዋል፤ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ዲላ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምራችሁ ኑ፤ አግዳሚው ከጠበበ እኔ እቆማለሁ። ከይርጋ ጨፌም፣ ከፍስሐ ገነትም ኑ፤ አገራችሁ የት ነው የሚላችሁ የለም፣ ካለም ብዙ ነን በሉት። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ እዚያው እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኳስ ቤት ግቡ። ከፊት ተቀመጡ። ተነሱ ሲሏችሁ አትነሱ።